ስለ ንጉሠ ነገሥት ዮሜይ ዘመን የኒሆን ሾኪ አተራረክ

የጃፓን ንጉሠ ነገሥት ዮሜይ የነገሡት ከ585 እስከ 587 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ነው። የዘመናቸውን ታሪክ የምናገኘው ይልቁንም በ720 ከተፈጸመው ኒሆን ሾኪ ከተባለው ዜና መዋዕል ነው። ከእርሱ የቀዱ ጸሐፊዎች ነገሩን አሳጥረው ሲነግሩን፣ የሶጋ ወገን የቡድሃን ሃይማኖት ተቀበለ፤ የሞኖኖቤ ወገን ለአገሩ አማልክት ቀና፤ ተዋጉና ቡድሃ ድል ነሣ ይላሉ። ይህ አነጋገር ለማስተማር ይመቻል፤ ነገር ግን ዜና መዋዕሉ ራሱ አይደግፈውም።

አስቀድሞ የትውልዱን ሐረግ መመልከት ይገባል። የዮሜይ እናት የሶጋ ኖ ኢናሜ ልጅ ነበረች። ዙፋኑን የተመኘው የአባታቸው ልጅ ልዑል አናሆቤም ከሌላይቱ የኢናሜ ልጅ የተወለደ ነው። የሶጋ አለቃ ኡማኮ የኢናሜ ልጅ ስለ ሆነ ለሁለቱም አጎታቸው ነው። ታዲያ የሞኖኖቤ አለቃ ሞሪያ ሊያነግሥ የፈለገው ማንን ነው? ይህንኑ ከሶጋ ሴት የተወለደውን አናሆቤን! ኡማኮም በበኩሉ ያገባው የሞሪያን እኅት ነበር።

በ586 የሆነው ደግሞ ይልቁን ያስደንቃል። በዚያ ዘመን ልማድ የንጉሥ አስከሬን ከመቀበሩ በፊት ለጊዜው በተሠራ ቤት ብዙ ጊዜ ይቈይ ነበር። አናሆቤ የሟቹ ንጉሥ የቢዳትሱ አስከሬን ካለበት ግቢ ገብቶ መበለቲቱን ንግሥት ካሺኪያሂሜን ሊደፍር ሲሞክር፣ ሚዋ ኖ ሳካኡ የተባለው የቢዳትሱ ባለሟል በሩን ዘግቶ ከለከለው። አናሆቤም በሞሪያ እጅ አስገደለው። ይህ ሳካኡ ግን፣ ዜና መዋዕሉ ከሌላ መጽሐፍ ጠቅሶ እንደሚለው፣ ቀድሞ ከዚሁ ከሞሪያ ጋራ ሆኖ የቡድሃን ሃይማኖት ለማጥፋት የመከረ ሰው ነው። ስለ አማልክት የሚቀናው ሞሪያ የቅንዓቱን ተካፋይ ገደለ ማለት ነው።

በ587 ንጉሠ ነገሥቱ ታመው ወደ ቡድሃ ሃይማኖት ለመግባት ምክር ሲጠይቁ፣ ሞሪያና ናካቶሚ ኖ ካትሱሚ ተቃወሙ፤ ኡማኮ ደገፈ። እዚህ ላይ የተለመደው አተራረክ እውነት ይመስላል። ሆኖም መነኵሴውን ወደ ቤተ መንግሥት ያስገባው አናሆቤ ነው፤ ሞሪያም ይህን አይቶ እጅግ ተቈጣ ተብሎ ተጽፏል።

ይህን ስል ሃይማኖት ሽፋን ብቻ ነበር ማለቴ አይደለም። የናካቶሚ ወገን በቤተ መንግሥት የአማልክት ሥርዐት ፈጻሚ ስለ ነበረ፣ አዲስ ሥርዐት መግባቱ ሹመቱንና ክብሩን ይነካበታል። ጠቡ ግን ሁልጊዜ በሃይማኖት መስመር አልተከፈለም። የዜና መዋዕሉም አዘጋጆች የጻፉት የቡድሃ ሃይማኖት በቤተ መንግሥት ከጸና በኋላ ነው። በ552 ከኮርያ ተላከ ያሉት ደብዳቤ እንኳ በ703 ወደ ቻይና ቋንቋ ከተተረጐመ የቡድሃ መጽሐፍ የተወሰደ ቃል አለበት፤ ይህን ያህል ከደፈሩ ሌላውንም በጥርጣሬ ማንበብ ይገባናል።

ዮሜይ በሞቱ በጥቂት ወራት ውስጥ ኡማኮ በካሺኪያሂሜ ትእዛዝ ስም አናሆቤን አስገደለ፤ ቀጥሎም ሞሪያን በጦርነት አጠፋ። ከዚያ በኋላ የአናሆቤን የእናቱን ልጅ ሱሹንን አነገሠ። ሱሹንም ከሶጋ ሴት የተወለዱ ናቸው፤ በዘመናቸውም በ588 ኡማኮ ታላቁን የቡድሃ መቅደስ ማሠራት ጀመረ። በ592 ኡማኮ ሱሹንን አስገደለ፤ በዙፋኑም ካሺኪያሂሜ ሱይኮ ተብላ ተቀመጠች። የሞሪያ ወገን ከጠፋ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር።