«ድንገተኛ» ብቻ ይበቃዋልን? ስለ «አብራፕት» አተረጓጎም

«አብራፕት» የተባለው የእንግሊዝኛ ቅጽል በትርጉም ጽሑፎች ውስጥ ብዙውን ጊዜ «ድንገተኛ» በሚለው አንድ ቃል ይመለሳል። አቻው ፈጽሞ ስሕተት ነው አይባልም፤ ሆኖም የቅጽሉን አንድ ፍቺ ብቻ፣ እሱንም በከፊል የሚወክል ስለሆነ፣ ያለ ምርጫ በየቦታው ሲገባ የጽሑፉን ሐሳብ ያፋልሳል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ጉድለቱ ከየት እንደሚመነጭ ማሳየትና ለየዐውዱ የሚስማማውን አቻ መጠቆም ነው።

ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው። «ሩምፔሬ» መስበር፣ መበጠስ ማለት ሲሆን፣ «አብ» የሚለው ባዕድ መነሻ መለየትን ያመለክታል። ስለዚህ የሥርወ ቃሉ ፍቺ «ተበጥሶ የተለየ» ነው። የዛሬዎቹ ፍቺዎች ሁሉ የሚገናኙትም በዚሁ፣ ማለትም በመሸጋገሪያ አለመኖር ላይ ነው። የእኛ «ድንገተኛ» ግን የሚናገረው ስለ ነገሩ ቅርጽ ሳይሆን ስለ ተመልካቹ አለመጠበቅ ነው። አንድ ስብሰባ በስድስት ሰዓት እንደሚዘጋ ሁሉም ያውቃል እንበል። ሰዓቱ ሲሞላ ሰብሳቢው የተናጋሪውን ዐረፍተ ነገር ከመካከሉ አቋርጦ ቢነሣ፣ አዘጋጉ «አብራፕት» ነው፤ «ድንገተኛ» ግን አይደለም፤ ሰዓቱ ይታወቅ ነበርና። በአንጻሩ ያልተጠበቀ እንግዳ ሲመጣ አመጣጡ ድንገተኛ ነው፤ «አብራፕት» መሆኑ ግን የግድ አይደለም።

ቅጽሉ ለመልክዐ ምድር ሲነገር ልዩነቱ ይበልጥ ይጎላል። በሰሜን ተራሮች ደጋው ቀስ በቀስ ሳይዳፈት ከአፋፉ ላይ ያበቃና በየቦታው ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ይህን «ድንገተኛ ገደል» ያለ ተርጓሚ ገደሉን ትናንት የተፈጠረ ያስመስለዋል። «ቀጥ ያለ ገደል» ወይም «ገደላማ» ማለት ይበቃል። ጎረቤቱ «ፕረሲፒተስ» ከላቲኑ «ራስ» ከሚለው ቃል የወጣ፣ በራስ ተደፍቶ መውደቅን የሚያስታውስ ስለሆነ፣ ለእሱ የግእዙ «ጸድፍ» የቀረበ ዘመድ ነው።

ብርቱው ጥፋት የሚደርሰው በሙያ ቃላት ላይ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣው የአፈር አገላለጽ መመሪያ፣ በሁለት የአፈር ንብርብሮች መካከል ያለው ወሰን ስፋቱ ከ0 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ከሆነ «አብራፕት» ይባላል፤ ከ2 እስከ 5 ግልጽ፣ ከ5 እስከ 15 አዝጋሚ፣ ከዚያ በላይ ድብዝዝ ነው። እዚህ ላይ ጊዜም መደነቅም የለም፤ ያለው የሳንቲ ሜትር ልክ ብቻ ነው። ስለዚህ «ድንገተኛ ወሰን» ማለት ትርጉም የለሽ ሲሆን፣ «ቁርጥ ያለ ወሰን» ግን ልኩን ይይዛል።

የአየር ንብረት ጥናት ደግሞ ሌላ ፈተና ያቀርባል። ከ11,700 ዓመታት ገደማ በፊት የመጨረሻው ብርቱ ቅዝቃዜ በግሪንላንድ ያበቃው በጥቂት ዐሥርተ ዓመታት ውስጥ ነው። ይህ ለምድር ታሪክ «አብራፕት» ነው፤ በሰው ዕድሜ ሲለካ ግን ድንገት አይደለም። «እመርታዊ» የሚለው ቃል ለሐሳቡ ይቀርባል፤ ነገር ግን የዕድገት ስሜት ስላዘለ ለጉዳት አይመችም። «ፈጣን ለውጥ» ብሎ የጊዜውን ርዝመት አብሮ መግለጽ ይሻላል።

ስለ ሰው ጠባይ ሲነገር ግን «ቁርጥ ያለ መልስ» ወጥመድ ነው፤ በአማርኛ ቆራጥነትን እንጂ ለዛ ማጣትን አያመለክትምና። «ግልፍተኛ» ደግሞ በዋናው ቃል ውስጥ የሌለ ቁጣ ይጨምራል። «አጭርና ደረቅ መልስ» የሚለው ይስማማል።

እንግዲህ አንዱ የአማርኛ ቃል ለወሰን የሚረዳውን ያህል ለመልስ እንደሚያሳስት ከታየ፣ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ አቻዎችን በነጠላ ሰረዝ ደርድሮ ማለፉ አይበቃውም። እያንዳንዱን አቻ ከሚያገለግልበት ስም ጋር፣ ማለትም ከገደል፣ ከወሰን፣ ከለውጥ፣ ከመልስ ጋር አጣምሮ ሊያሰፍር ይገባዋል። ተርጓሚውም «ድንገተኛ»ን ከመጻፉ በፊት «ያልተጠበቀ ነው ወይስ መሸጋገሪያ የሌለው?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ።