እድርን በቃሬዛው፣ ሴፍቲኔትን በግማሽ ጆንያው

ስለ አንድ እድር ሲነሳ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ስንት አባል አለው፣ ስንት ብር አጠራቀመ ብሎ ነው። እኔ አስቀድሜ የምጠይቀው ቃሬዛው የት እንዳለ ነው። ከታች ጋይንት ወደ በሽሎ ወንዝ በሚወርደው ገደል፣ በስማዳም ወደ ዓባይ በሚያዘነብለው ቆላ፣ መኪና የማይደርስበት መንደር ሞልቷል። እዚያ ምጥ የጠናባት እናት ጤና ጣቢያ የምትደርሰው በሰው ትከሻ ነው፤ ትከሻውን የሚያሰልፈው ደግሞ እድሩ ነው። ለእንዲህ ያለ አገር ድንኳን ከቃሬዛ በኋላ ይመጣል።

ቀረብ ብለው ይዩት። ጠፍሩ ቅባት ጠግቦ ልስላሴውን ጠብቋል ወይስ ደርቆ ተሰነጣጥቋል? የተበጠሰው በአዲስ ተተክቷል ወይስ ባገኙት የገመድ ቁራጭ ተቋጥሯል? መሸከሚያ እንጨቱን ያዝ አድርገው ይሞክሩት፤ ነቀዝ የበላው እንጨት ቁልቁለት ላይ ነው የሚከዳው። የተቀመጠበትንም ቦታ ይጠይቁ። የእድሩ ዳኛ ቁልፉን ይዞ ቅዳሜ ገበያ የሚወጣ ከሆነ፣ ቅዳሜ ለታመመ ሰው እድር የለም ማለት ነው። ጥሩ እድር ቃሬዛውን ሌት ተቀን ሰው በማይጠፋበት ግቢ፣ ዝናብ በማያገኘው ጥግ፣ ያለ ቁልፍ ያኖረዋል። ተሸካሚዎቹም ተራቸውን ሳይነገራቸው ያውቃሉ፦ እስከ ወንዙ እነማን፣ ከወንዙ ማዶ ደግሞ የየትኛው ጎጥ ሰዎች እንደሚቀበሏቸው። ወንዝ ላይ ተጠባብቀው የሚቀባበሉ ሁለት እድሮች ካዩ ከጀርባቸው መሪ አለ። ያ መሪ በደህና ቀን ተነስቶ፣ ማዶ ተሻግሮ፣ ከማያዝዛቸው ሰዎች ጋር ቁጭ ብሎ ተነጋግሯል። እንዲህ ያለውን ሥራ ማንም አያጨበጭብለትም፤ እኔ ግን ከማንኛውም የስብሰባ ንግግር አስበልጬ አየዋለሁ።

ከዚያ መዝገቡን ያስከፍቱ። ገቢና ወጪው መገጣጠሙ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ጽሑፉ የሚያምር ጸሐፊ ማግኘት ቀላል ነው። የቅጣቱን ገጽ ይፈልጉ። ከቀብር የቀረ፣ ለለቅሶ ቤት ውኃና እንጨት ያላቀረበ አባል ይቀጣል። የዳኛውና የገንዘብ ያዡ ስም በዚያ ገጽ ላይ አንድም ጊዜ ካልሰፈረ፣ ሰው ሆኖ የማይቀር የለምና፣ የሚደፍራቸው ጠፍቷል ማለት ነው። ሒሳቡ ጮክ ተብሎ መነበቡንም ያጣሩ። ፊደል ያልቆጠረ አባል በበዛበት ቦታ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ሪፖርት አይባልም። ሒሳቡ ሲነበብ ከኋላ የተቀመጡ ሴቶች «ያ ብረት ድስት የት ገባ?» ብለው የሚጠይቁበት እድር ጤነኛ ነው።

እንደ መካነ ኢየሱስና ነፋስ መውጫ ባሉ ከተሞች መዋጮው በጥሬ ብር ስለሆነ ፈተናው ጊዜ ነው፦ ብሩ ሐዘንተኛው እጅ የገባው ቀብር ሳይፈጸም ነው ወይስ ከሳምንት በኋላ? ባል የሞተባት ሴት አባልነቱ በስሟ እንዲዞርላት ስንት ጊዜ ተመላለሰች? የእድሩን ጠባይ ከእርሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

የምግብ እጥረት ያለባቸውን ቤተሰቦች የሚደግፈው የመንግሥት ፕሮግራም፣ ሴፍቲኔትም፣ በዚሁ ዓይን ይታያል። በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በፕሮግራሙ ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል ነበሩ። ሕጉ ጥሩ ነው፦ ተጠቃሚው በሕዝብ ፊት ይመረጣል፣ ስሙ ይለጠፋል፣ ተዘለልኩ የሚል ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያመለክታል። ሥራው ግን የሚመዘነው እህል ሲታደል ነው። እህል በሚሰጥበት ወር የአንድ ሰው ድርሻ 15 ኪሎ ነው፤ አምስት ነፍስ ላለው ቤት 75 ኪሎ ይደርሳል፣ ማለትም ባለ 50 ኪሎ ጆንያ አንድ ተኩል። ሙሉውን ጆንያ ማንም አያጎድለውም፤ አፉ ተሰፍቶ ነው የሚመጣው። እርስዎ ግማሹን ይመልከቱ። በሚዛን ነው የሚከፈለው ወይስ በጣሳ? ጣሳው ተሞልቶ ነው ወይስ አፉ በእጅ ተጠርጎ? መሬት ላይ የፈሰሰውስ ተለቅሞ ለማን ይሰጣል? በየሰዉ የምትጎድል አንዲት ጣሳ፣ ሰልፉ እስኪያልቅ ድረስ ተጠራቅማ ጆንያ ትሞላለች። ሚዛኑን ሁሉም ከሚያየው ቦታ ያስቀመጠ፣ ከአዳዩ ጎን ከተቀባዮቹ አንዱን ያቆመ ቀበሌ የተጠያቂነት ሥልጠና ባይወስድም ነገሩ ገብቶታል።

የቤተሰቡን ቁጥርም ይጠይቁ። ሰባት ነፍስ ያለው ቤት አራት ተብሎ ከተመዘገበ፣ እናትየው የአራቱን ለሰባት ታብቃቃለች፤ በወረቀት ላይ ግን ሁሉም ደህና ነው። የቅሬታ መዝገቡ ባዶ ከሆነ ደስ አይበልዎ። ድርቅ በሚመላለስበት አገር ሁሉንም የሚያስደስት ምርጫ የለም። በጥሩ መዝገብ ላይ አቤቱታው፣ ውሳኔው፣ ቀኑም ይገኛል፤ ከውሳኔዎቹም ጥቂቱ መራጮቹን የሚሽሩ ናቸው። አቤት የሚባለው ለመረጠው ሰው ከሆነ ግን መዝገቡን መግለጥ አያስፈልግም። በቀጥታ ድጋፍ የተያዙትን፣ ጉልበት የሌላቸውን አረጋውያን ደግሞ ቤታቸው ሄደው ያነጋግሩ፤ እህሉን ማን እንዳመጣላቸው፣ ለማምጫ ምን እንዳስከፈላቸው ይነግሩዎታል።

ጎብኚዎች ብዙ ጊዜ የሚመጡት በጥር ነው፤ መንገዱ ደረቅ፣ ጎተራውም ገና ያልተሟጠጠ ነው። እኔ የምመክረው ሐምሌና ነሐሴን ነው። የሴፍቲኔቱ የስድስት ወር እህል በአብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ ነው የሚታደለው፤ ክረምቱ ሲገባ ጎተራው ተሟጧል፣ ወንዙ ሞልቷል፣ ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድም ሰው ይጥላል። በእነዚያ ሁለት ወራት ድሃው ጎረቤት የተበደረው ከማን እንደሆነ፣ ቃሬዛው ስንት ጊዜ እንደወጣ፣ እነማን እንደተሸከሙ ይጠይቁ።