ስለ ተከታታይ ድራማ፤ «የቀን ቅኝት» እና «ድምቢባ»

ሰውን በምሳሌ ማስተማር በሀገራችን የቈየ ልማድ ነው። ባለቅኔው ወርቁን በሰም ሸፍኖ ያቀርባል፤ ሽማግሌውም ተረቱን አስቀድሞ ፍርዱን ያስከትላል። በዘመናችን ይህን ሥራ ከተቀበሉት አንዱ በራዲዮና በቴሌቪዥን በየሳምንቱ እየተከፈለ የሚቀርበው ተከታታይ ድራማ ነው። ከተማሩት ሰዎች ብዙዎቹ የሥራ ፈት ጨዋታ ነው ብለው ይንቁታል። ነገር ግን ሳይመረምሩ መናቅ ከሊቅ የሚጠበቅ አይደለምና፥ ከወዴት እንደ መጣ፥ በሀገራችንም ምን እንደ ሠራ መመልከት ይገባል።

ይህ ዓይነቱ ድራማ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1930ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ ራዲዮ ሲስፋፋ ወጪውን ከሚከፍሉት ዋነኞቹ የሳሙና ፋብሪካዎች ነበሩ፤ ስለዚህ በእንግሊዝኛ ስሙ እስከ ዛሬ ከሳሙና ጋራ ተያይዞ ይጠራል። በእንግሊዝ ሀገር ግን አንደኛው ሥራ የተወለደው ከገበያ ሳይሆን ከእርሻ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እህል በመጠን ይከፋፈል በነበረበት ጊዜ፥ ጎድፍሬይ ቤዝሊ የተባለ የቢቢሲ ሰው ገበሬዎችን ሰብስቦ አማከረና «ዘ አርቸርስ» የተባለውን የአንድ ገበሬ ቤተ ሰብ ድራማ አቋቋመ። በ1951 ዓ.ም ለመላው ሀገር መሰማት ጀመረ፤ የእርሻውም መሥሪያ ቤት ምክር ይሰጥ ነበር። በ1972 ዓ.ም የማስተማር ግዴታው ቀረለት፤ ድራማው ግን አልሞተም። ከዚህ አንድ ነገር እንረዳለን፤ አድማጩን ያቈየው የማዳበሪያው ምክር ሳይሆን ሰዎቹ ናቸው።

በቴሌቪዥንም እንዲሁ ሆነ። በታኅሣሥ 1960 ዓ.ም የተጀመረው «ኮሮኔሽን ስትሪት» የአንዲት የሠራተኞች መንደር ኑሮ ያሳያል። ከመጀመሪያው ምሽት ጀምሮ ኬን ባርሎን ሆኖ የተጫወተው ዊልያም ሮች ከስድሳ ዓመት በላይ በዚያው ስም ቈይቷል፤ ተመልካቹም አብሮት አርጅቷል። በ1985 ዓ.ም በተጀመረው «ኢስትኤንደርስ» ደግሞ ማርክ ፎውለር የሚባል ጐልማሳ አለ። በ1991 ዓ.ም የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደሙ እንዳለ ለተመልካች ተገለጠ። ደራሲዎቹ ግን ለማስፈራሪያ ብለው ፈጥነው አልገደሉትም፤ አትክልት እየቸረቸረ፥ እያገባ፥ እየተጣላና እየታረቀ እስከ 2003 ዓ.ም በመንደሩ ኖረ። አንድ ስብከት በአንድ ሰዓት ሊያስረዳ የማይችለውን፥ በሽተኛ ጎረቤት ጎረቤት መሆኑን፥ ይህ ሰው በዐሥራ ሁለት ዓመት አስረዳ። የተከታታይ ድራማ ልዩ ኀይሉ ጊዜ ነው፤ ሌላው የኪነት ሥራ ይህን ያህል ዘመን ከሰው ቤት አይቀመጥም።

ይህን ኀይል ዐውቆ በሥርዓት ያስቀመጠው የሜክሲኮው ሚጌል ሳቢዶ ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት በሠራቸው የቴሌቪዥን ድራማዎች ሦስት ዓይነት ሰዎችን አቆመ፤ መልካሙን፥ ክፉውንና በሁለቱ መካከል የሚያመነታውን። አድማጭ ራሱን የሚያየው በሦስተኛው ነውና የትምህርቱ ሸክም ሁሉ በእርሱ ላይ ይወድቃል። ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር የተባለው ድርጅት ይህንኑ ሥርዓት ወደ ኢትዮጵያ አምጥቶ፥ በእኛ አቈጣጠር ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም ሁለት የራዲዮ ድራማዎችን አሰማ፤ በአማርኛ «የቀን ቅኝት» 257 ክፍል፥ በኦሮምኛ «ድምቢባ» 140 ክፍል። ነገራቸው ስለ ኤች አይ ቪ፥ ስለ ቤተ ሰብ ምጣኔና ስለ ሴቶች መብት ነበር። ከአድማጮች ከ15 ሺህ በላይ ደብዳቤ ደረሰ። በኋላ በተደረገው ጥናት፥ ከማይሰሙት ይልቅ የሚሰሙት ወንዶች አራት እጥፍ፥ ሴቶቹም ሦስት እጥፍ ደማቸውን ለማስመርመር ሄደው ተገኙ። እርግጥ፥ ራዲዮ ከፍቶ የሚሰማ ሰው ቀድሞም ለመማር የተዘጋጀ ሊሆን ስለሚችል ቍጥሩ ብቻውን ፍርድ አይሆንም፤ ሆኖም ያን ያህል ደብዳቤ ያስጻፈ ሥራ ሥራ ፈት ጨዋታ ሊባል አይገባውም።

የዚህ ነገር ፈተና እንደ ጨፋ ሸለቆ ባለ ቦታ ይታያል። በቦርከና ወንዝ አካባቢ፥ በከሚሴና በዙሪያዋ፥ ኦሮምኛውም አማርኛውም የሀገሬው አፍ ነው። በእንዲህ ያለ ስፍራ የአንዱን ቋንቋ ድራማ ወደ ሌላው ገልብጦ ማሰማት ሥራን ያቃልል ይመስላል። ነገር ግን ቅኔ ሲተረጐም ወርቁ ቢተርፍ እንኳ ሰሙ ይፈርሳል፤ በአንዱ ቋንቋ ሁለት ፍች ያለው ቃል በሌላው አንድ ብቻ ይሆናልና። ስለዚህ «ድምቢባ» የአማርኛው ቅጂ ሳይሆን በገዛ ቋንቋው የራሱን ታሪክ ይዞ መቅረቡ ታላቅ ምስጋና የሚገባው ነው። ነቀፌታም አለበት። የተከታታይ ድራማ ትምህርቱ በጊዜ ርዝመት ከሆነ፥ ለአንዱ ቋንቋ 257 ክፍል ሰጥቶ ለሌላው 140 መስጠት ትምህርቱን ወደ እኩሌታ ማሳጠር ነው። የሚያመነታው ሰው በአንዱ ቋንቋ እስኪጠግብ አመንትቶ በሌላው ቸኵሎ ከተመለሰ፥ የሸለቆው አድማጭ ልዩነቱን ሳይነግሩት ያውቀዋል።

ሌላው አደጋ ከሥርዓቱ ከራሱ ይመጣል። ምክሩ አስቀድሞ ተጽፎ ሰውየው በኋላ ሲፈለግለት፥ መልካሙ ሁልጊዜ ሲሸለም፥ ክፉውም ሁልጊዜ ሲቀጣ፥ አድማጭ ገና በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻውን ያውቃል። ወርቁ ከሰሙ በፊት የታየበት ቅኔ ሰሚን እንደማያነቃ ሁሉ፥ ይህም አያነቃም። የሳቢዶ ሥርዓት የሚጠቅመው ደራሲው የሚያመነታውን ሰው ከልቡ ሲወደውና መንገዱን ሳይወስንለት አብሮት ሲሄድ ነው።

እንግዲህ ተከታታይ ድራማ የሚያዘጋጁ ሰዎች ሁለት ነገር ያስቡ። ድራማውን በሚሰማው ሕዝብ ቋንቋ ያስጽፉ እንጂ አያስገልብጡ፤ ዘመኑንም ለሁሉም በእኩል ይስጡ። መምህራንና ካህናትም በየቤቱ የሚሰማውን ሳይሰሙ ከመንቀፍ ይልቅ፥ ሰምተው ቢመዝኑት ለሕዝቡም ለድራማውም ይበጃል።