ሦስቱን ገንዳ አንድ ማድረግ

ቦሩ ሜዳን ብዙ ሰው የሚያውቀው ዐፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. በጠሩት የሃይማኖት ጉባኤ ነው። እኔ ኬሚካል መሐንዲስ ነኝና በውኃው አውቀዋለሁ። ከፍታው ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ ውኃ 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ባቄላም ለመብሰል ዕድሜ ይፈጃል። ሥራዬ ያለው ታች ኮምቦልቻ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው። እዚያም ቢሆን ውኃ 94 ላይ ይፈላል። ከውጭ የመጣው መመሪያ ጨርቁን በ100 ዲግሪ ቀቅሉ ይላል። በክፍት ገንዳ እሳቱን ብታበዛበት የሚጨምረው እንፋሎቱ እንጂ ዲግሪው አይደለም።

ከሽመና የወጣ ጨርቅ ድሩ በስታርች ጠንክሮ ይመጣል። በቆየው አሠራር መጀመሪያ በኢንዛይም ስታርቹ ይለቀቃል፣ ቀጥሎ በኮስቲክ ሶዳ ተቀቅሎ የጥጡ ሰም ይወጣል፣ በመጨረሻ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይነጣል። በየመሃሉ ይታጠባል፣ ይቀዘቅዛል፣ እንደገና ይሞቃል። ውኃውንና ነዳጁን አብዝቶ የሚበላው ይኼ መሃሉ ነው። ከፋብሪካ የሚወጣው እጣቢ ደግሞ መሄጃው ወደ ቦርከና ወንዝ ነው።

ፕሮሰስ ኢንተንሲፊኬሽን (ሥራን በጥቂትና በአነስተኛ መሣሪያ መጠቅለል) የሚባለው የሙያችን ዘርፍ የተነሣው እንዲህ ያለውን መሃል ከመጠየቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ኮሊን ራምሾ በእንግሊዙ አይሲአይ ኩባንያ ውስጥ ፈሳሹን በሽክርክሪት ኃይል እየገፋ፣ የረጅም የማጣሪያ ማማን ሥራ በአጭር መሣሪያ ለመሥራት ተነሣ። አሜሪካ ውስጥ ኢስትማን ኩባንያ ሜቲል አሲቴት ለማምረት የብዙ ማማዎችን ሥራ በአንድ ማማ ጠቀለለ፤ ኬሚካሉ እዚያው ይዋሐዳል፣ እዚያው ይጣራል። እ.ኤ.አ. በ1984 በሕንዷ ቦፓል ከተማ በመርዝ ጋዝ የደረሰው እልቂት ደግሞ መርዝ በትልቅ ታንከር አከማችቶ መቀመጥ ምን እንደሚያስከትል ለዓለም አሳየ፤ ትንሽ መሣሪያ የሚይዘው መርዝ ጥቂት ነውና።

እኛ ዘንድ ትርጉሙ ሦስቱን ገንዳ አንድ ማድረግ ነው። ሲነገር ቀላል ይመስላል። ኢንዛይሙ በሶዳውና በፐርኦክሳይዱ መሃል አይኖርም፤ ስለዚህ ስታርቹንም እንዲያፈርስ ፐርኦክሳይዱ ይጠነክራል። ሲጠነክር ቁጡ ይሆናል። ከቧንቧ የወጣች የዝገት ቅንጣት ጨርቁ ላይ ካረፈች እዚያ ቦታ ይቃጠላል፣ የመርፌ ቀዳዳ የሚያህል ሽንቁርም ይቀራል። ድሮ ሦስት ቦታ ላይ ማስተካከል ይቻል ነበር፤ አሁን ያለው አንድ ዕድል ነው። ስለዚህ አዮዲን ከኪሴ አይለይም። የጨርቁን ጫፍ ቆርጬ ጠብ አደርግበታለሁ፤ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ከሆነ ስታርች ቀርቷል፣ ቢጫ ሆኖ ከቀረ አልፏል።

ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎች አዲስ ማሽን ካላዩ ቅር ይላቸዋል። እኔ በበኩሌ ወረቀት ላይ የሚያምረው ፈጣን መሣሪያ ሁሉ ለእኛ ይሆናል ብዬ አላምንም። ትልቅ ገንዳ ትርፍ ጊዜ ይሰጣል፤ መብራት ሲጠፋ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ትንሿ ፈጣን መሣሪያ ግን ያኔውኑ ትቆማለች፣ ውስጧ ያለውም ይበላሻል።

ስለዚህ ልቤ የሚያደላው ወደ ቀዝቃዛው ዘዴ ነው። ጨርቁ ሶዳውንና ፐርኦክሳይዱን ጠጥቶ በሮለር ይጨመቃል፣ ይጠቀለላል፣ በላስቲክ ተሸፍኖ ቀስ እያለ እየዞረ ያድራል። ከመጨረሻው እጥበት በስተቀር ቦይለር አይፈልግም። የሚፈላ ነገር ስለሌለም የከፍታው ጣጣ የለበትም። አንድ ሌሊት ይፈጃልና ፈጣን ነው አይባልም፤ ነገር ግን ሦስቱን ሥራ በአንዴ ይጨርሳል። አደጋው ጥቅሉ መዞሩን ካቆመ ፈሳሹ ወደ ታች መውረዱ ነው፤ ጠዋት ሲፈታ ጨርቁ ላይ ገርጣጣ ሰንበር ይታያል። ለዚህ ጥቅሉ ዳር የእጅ መዘውር እንዲገጠም አደርጋለሁ፤ መብራት ከሄደ የሌሊት ተረኛው በየተወሰነ ደቂቃ ያዞረዋል። መሣሪያ ሻጭ ሲመጣም ስለ ፍጥነቱ ከመስማቴ በፊት፣ ኃይል ሲቋረጥ ማሽኑ ውስጥ ያለው ጨርቅ ምን እንደሚሆን እጠይቀዋለሁ።