ማሲንቆው በላፕቶፕ ውስጥ

የመዘምራን ኪቦርድ ነክታችሁ የምታውቁ ይህን ታውቃላችሁ፤ ከበሮውን የሚመታው ማሽኑ ነው። አንዲት ቁልፍ ትጫናላችሁ፣ ምቱ ይጀምራል፣ መዝሙሩ እስኪያልቅ አንድ ጊዜም አይሳሳትም፣ አንድ ጊዜም አይደነቅም። እኔ ማጀቴ ላይ ለመዘምራን ስጫወት ለረጅም ጊዜ የተጠቀምኩት ሁለት ምት ብቻ ነበር፤ አንዱ ለዝግታ፣ አንዱ ለእልልታ። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁን የሁለት ሰዎች ሙዚቃ መጀመሪያ ስሰማ ያስደነገጠኝ ምቱ ነው። የሚሳሳት ይመስላል። ደግማችሁ ስትሰሙት ግን አልተሳሳተም።

ሰዎቹ እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉ ናቸው። በአንድ ስም የሚጠሩ ጥንድ ባይሆኑም የአዲስ አበባ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሲነሣ ስማቸው አብሮ ይነሣል። እንደገና ሥራዎቹን የሚያወጣው «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚል መጠሪያ ነው። ስሙን ስትሰሙ ጸሐፊና ሒሳብ ሹም ያለው ድርጅት ይመስላችኋል፤ አንድ ሰው ነው። «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» የሚለውን ስያሜ ያወጣውም እሱ ነው። ሚካኤል ኒው ጀርሲ በሚገኘው ራማፖ ኮሌጅ ተምሯል። እ.ኤ.አ. በ2014 «ያራዳ ልጅ» የተባለ ሥራውን 1432 አር የሚባል ትንሽ የዋሽንግተን ዲሲ አሳታሚ አወጣለት፤ የእንደገና «ቅን ሰው»ም የወጣው በዚሁ አሳታሚ በኩል ነው። በ2016 የሚካኤል «ዘላለም» በሌላ የአሜሪካ አሳታሚ ታተመ።

«ያራዳ ልጅ» የታተመው በሸክላ ነው። አያቶቻችን የሚያውቁት፣ ካሴት ሲመጣ ከቤታችን የወጣው ሸክላ ማለቴ ነው። ከማጀቴ እስከ ሸዋ ሮቢት ማጫወቻው ያለው ቤት ካወቃችሁ ንገሩኝ።

እንዲህ ያለውን ሙዚቃ ፈረንጆቹ «አንደርግራውንድ» ይሉታል፤ የምድር ውስጥ እንደ ማለት ነው። እኛ ቤት ይህ ቃል ሌላ ትዝታ አለው። በደርግ ዘመን ቤተ ክርስቲያኖቻችን ሲዘጉ ወላጆቻችን በየቤቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምሩ ነበር። ተስፋዬ ጋቢሶ ሰባት ዓመት ታሰረ፤ መዝሙሩ ግን በካሴት ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። ልዩነቱን አስተውሉልኝ። ያ የተከለከለ ነበር፣ ሰው ግን በቃሉ ያውቀው ነበር። የእነዚህን ማንም አልከለከለውም፤ የአገሩ ሰው ግን አያውቀውም። ለንደንና ኒው ዮርክ ተጽፎለታል፣ በእኛ መንገድ በሚያልፍ ባጃጅ ውስጥ ግን ሰምቼው አላውቅም። ይህን ለወቀሳ አላነሣሁትም፤ ግን ስሰማቸው ከአእምሮዬ አይወጣም።

ወደ ድምፁ እንምጣ። የኮምፒውተሩ የሙዚቃ ፕሮግራም ሲከፈት አብዛኛውን ጊዜ አራት እኩል ሳጥን ዘርግቶ ይጠብቃችኋል። የዓለም የጭፈራ ቤት ሙዚቃ በአብዛኛው በዚያ ላይ ይረግጣል፤ ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ ዱም። የእኛ ችክችካ ግን በስድስት ይቆጠራል፤ ሰርግ ላይ ትከሻችሁ የሚያውቀው እሱን ነው። ብዙ የስቱዲዮ ሰው ስድስቱን አጥፎ ከአራቱ ሳጥን ይከተዋል፣ ችግሩም ያልቃል። እንደገና ሙሉ ችግሩ እንዲያልቅ አይፈልግም። ሁለቱን ቆጠራ አንድ ላይ ያስኬዳቸዋል፤ ይጋፋሉ፣ ይተላለፋሉ፣ ድንገት በአንድ እግር ይቆማሉ። ጥሩ ሲሆን የገበያ ቀን ግርግር ነው፤ ሁሉም እየጮኸ ሁሉም የሚግባባበት። ሳይሆንለት ደግሞ በጣም ይጨናነቃል፤ አንድ ድምፅ ለብቻው የሚተነፍስበት ቦታ ያጣል።

ሚካኤል የተለየ ነው። እሱ ቦታ ይተዋል። ከሥር ጥልቅ ባስ፣ ከላይ የክራር ወይም የዋሽንት ቅንጣቢ፣ መካከሉ ጭጋግ። «ዘላለም»ን ከሁለቱም ሥራዎች አስበልጣለሁ፤ በጆሮ ማዳመጫ፣ መብራት በጠፋበት ምሽት ስሙት። ቅሬታዬ ጭጋጉ ላይ ነው። አንዳንዴ ዜማው ሊገለጥ ሲል ይሸፍነዋል፣ እኔም የተጋበዝኩበት ቤት በር ላይ የቆምኩ ይመስለኛል።

ጀማሪዎቹ እነሱ ናቸው ብላችሁ ግን እንዳትሸወዱ። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን አኮርዲዮንን፣ ሲንተሳይዘርንና የከበሮ ማሽንን አገናኝቶ ካሴት ሠርቷል። ያንን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ከዓመታት በኋላ ባሕር ዳር አግኝቶ በ2013 እንደገና አሳተመው። ኃይሉ በእነዚያ ዓመታት ታክሲ ይነዳ ነበር፤ ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ ጭኖ ተሳፋሪ በሌለበት ሰዓት ይለማመድ ነበር። እኔ ይህን ሳነብ ስለ ልምምድ ሰዓት ማጉረምረሜን ለጥቂት ሳምንት አቁሜያለሁ።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልግባ። ከእኛ ሰፈር ማሲንቆ የሚጫወቱ አንድ አዛውንት አሉ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማሲንቆ የጠጅ ቤት ነው የሚሉ ሰዎች ስላሉ ከሩቅ ነበር ሰላም የምላቸው። አንድ ቀን ግን ስልኬን ይዤ ሄድኩና ማሲንቆ ያለበትን አንድ የኤሌክትሮኒክ ሥራ ከፈትኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ከበሮው አላስቀየማቸውም፤ እንዲያውም በጣታቸው ጉልበታቸውን መቱ። ከዚያ ግን ፊታቸው ተለወጠ። ማሲንቆው አንድ ሐረግ ይጀምርና ቀስቱ ሳይመለስ ይቆረጣል፤ ያው ቁራጭ ይደገማል፣ ይደገማል። «ሳምፕል» የሚባለው ይህ ነው፤ ከቅጂ ላይ ጥቂት ሰከንድ ቆርጦ እንደ መሣሪያ መጫወት። እኔ ውበቱን ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ ሰውየው እንደ ተንተባተበ ሰው እንደተሰማቸው ነገሩኝ፣ ሊናገር ሲል አፉን የሚይዙት። ቀጥለው ማሲንቆውን የሚመታው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ስልኬን አየሁ። ፋይሉ ላይ የዘፈኑ ርዕስና የአቀናባሪው ስም ብቻ አለ።

መልስ አልነበረኝም። አሁንም ሳምፕል ስርቆት ነው አልላችሁም፤ መቆራረጡ አንዳንዴ ለዘመናት የሰማነውን ዜማ እንደ አዲስ ያሰማናል፣ ሚካኤል ይህን ሲያደርግ ሰምቻለሁ። ግን የዜማ ቅኝቶቻችን ባቲና አምባሰል የቦታ ስም ናቸው፤ ከእኛ መንገድ ወደ ወሎ ሲዘልቁ የሚገኙ ናቸው። ቅኝቱ የመጣበትን አገር ስሙ ላይ ይዟል፤ የተጫዋቹ ስም ግን ከድምፁ ጋር አብሮ አልተጓዘም። የእነሱን መንገድ የምትከተሉ፣ በላፕቶፕ ምት የምትሠሩ ልጆች በየኅብረታችን እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ጥያቄው ለእናንተም ነው።

አዛውንቱ በመጨረሻ ማሲንቆአቸውን አወረዱና «በል ቅዳ ልጄ፣ ግን እስክጨርስ» አሉኝ። አሥራ አንድ ደቂቃ ተጫወቱ። ፋይሉን ሳስቀምጥ መጀመሪያ የጻፍኩት ስማቸውን ነው። ምት ገና አልገባበትም፤ ሁለት ጊዜ ሞክሬ አጥፍቼዋለሁ።