ከበሮውን ለማን ሰጠነው?

ባለፈው እትም የወጣችውን የባልደረባችንን አጭር ልብወለድ አንብበን፣ ከመኝታ ክፍል እስከ ሻይ ቤት ስንከራከርባት ሰነበትን። ታሪኩ የሚፈጸመው ከአሰንዳቦ በታች፣ በግልገል ግቤ ግድብ ሐይቅ ዳር ነው። ደራሲው ሦስት ዘር ፈጥሯል፤ የተራራዎቹ ብሩሃን በገና ይደረድራሉ፣ አንጥረኞቹ ድንክዬዎች ክራር ይመታሉ፣ ከውኃው ሥር የሚኖሩት ክፉዎች ግን ከበሮ ይደልቃሉ። ሐሳቡ ደፋር ነው፤ ቋንቋውም ያምራል። እኛን ያጣላን ከበሮው ነው።

ለመሆኑ ከበሮን ለክፉ ወገን ማን ሰጠው? ቶልኪን ነዋ! በ«የቀለበቶች ጌታ» ከሞሪያ ጨለማ የሚያስተጋባው ከበሮ የጠላት ከበሮ ነው። ለዚያ አገር አንባቢ ያስኬድ ይሆናል። እኛ ዘንድ ግን ከበሮ ከጸናጽልና ከመቋሚያ ጋር በማሕሌት የሚቆም ነው፤ የጅማ አንባቢ ደግሞ ድቤ ሲባል መንዙማ ይመጣበታል። አሰንዳቦ ላይ ቆሞ ከበሮን የርኩሳን ማድረግ የጎረቤትን ጸሎት ሳያውቁ መሳደብ ነው። እንዲህ ያለው ስም መለጠፍ እኮ ለእኛም አዲስ አይደለም፤ በገና የዳዊት፣ ክራር የሰይጣን ሲባል ኖሯል። ዕቃውን ብቻም አይደለም ያዋረድነው፤ አዝማሪ የሚለው ቃል ራሱ ስንት ዘመን ስድብ ሆኖ ቆየ!

ከቶልኪን መቅዳት ካልቀረ የሚቀዳው ሌላ ነበር። በ1937 እ.ኤ.አ. በታተመው «ሆቢት» ውስጥ ድንክዬዎቹ በአያቶቻቸው አዳራሽ የሚያገኙት በገና ወርቅ ነው፣ አውታሩም ብር። አንጥረኛ ሕዝብ በእጁ ካለው ነገር ሌላ ከምን ይሠራል? የእኛም መሣሪያ የተወለደው እንዲሁ ነው፤ የማሲንቆ አውታር ከፈረስ ጭራ፣ የበገናው ከበግ አንጀት፣ ዋሽንት እረኛ ከሚቆርጠው ሸምበቆ።

ታዲያ የውኃ ሥር ሕዝብ ምን ይጫወት? የራሰ ቆዳ እንደሆነ አይጮኽም፤ ይህን ማንም ከበሮ መቺ ያውቀዋል። ግድቡ በ1996 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ውኃው የተኛበት መሬት ገበሬ ያረሰው፣ ከብት የዋለበት ነው። ነዋሪው ሲነሣ የቀረ ቀንድ አይጠፋም። እኛ ብንሆን ቀንዱን እናስነፋቸው ነበር። ያን ጊዜ ግን እነዚህ ሰዎች በምን ክፉ እንደተባሉ ደራሲው ሊነግረን ይገደዳል። አላየውም እንዳንል፣ ከሐይቁ ሥር የቆመውን የጎጆ ምሰሶ የጻፈው እሱው ነው፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፎት ሄደ እንጂ።

ሁለተኛውን ክፍል እየጻፈ ነው አሉ። ወደዚያች ምሰሶ ቢመለስ እንወዳለን።