ለሐይቅና ለአምባሰል መንገድ የሚተነፍስ ጫማ

የእግር ጉዞ ጫማ ሲሸጥ ከሁሉ በፊት የሚነገርለት ውሃ የማያስገባ መሆኑ ነው። ገዢም በዚህ ረክቶ ዋጋውን ከፍ አድርጎ ይከፍላል። ተጓዥ መምራት ሥራችን የሆነ ሰዎች ግን ጫማን የምንመዝነው ማታ ሲወልቅ እግሩን በምን ሁኔታ እንደተወው አይተን ነው። በዚህ ሚዛን ከሄድን፣ በበጋ ከሐይቅ ዳር እስከ አምባሰል ተራሮች ለሚጓዝ ሰው ውሃ የማያስገባ ጫማ የተሳሳተ ምርጫ ነው። እዚህ የሚያስፈልገው ላብን የሚያስወጣና ቢረጥብም ቶሎ የሚደርቅ ጫማ ነው።

ምክንያቱ ከአገሩ ጠባይ ይጀምራል። የሐይቅ ውሃ ዳር ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ይገኛል። ነፋሱ ቀዝቀዝ ስለሚል ተጓዡ ሙቀቱን አይጠረጥርም፤ ፀሐዩ ግን ብርቱ ነው። ወደ አምባሰል ሲወጣ የሚረገጠው ጥቁር ድንጋይና ጠጠር ረፋዱን የጠጣውን ሙቀት ከሰዓት በኋላ በሶሉ በኩል ለእግር ይመልሳል። የውስጥ እግር ደግሞ በሰውነታችን ላይ የላብ ዕጢዎች እጅግ ከበዙባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ላቡ መውጫ ሲያጣ ቆዳው ይርሳል። የራሰ ቆዳ ከካልሲው ጋር ይጣበቅና አጥንቱ ከውስጥ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይጎተታል፤ በመጨረሻም የቆዳው ንብርብሮች ተላቀው በመካከላቸው ውሃ ይቋጥራል። አብዛኛውን ጉዞ የሚያስተጓጉለው ይኸው ነው።

«ጫማው ውሃ አያስገባም፣ ላብ ግን ያስወጣል» የሚል መልስ መምጣቱ አይቀርም። አባባሉ መሠረት የሌለው አይደለም። የጎርቴክስ ዓይነት ስስ ሽፋን የውሃ ጠብታ የማያሳልፉ፣ ተን ግን የሚያሳልፉ እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። ነገር ግን ተኑን ወደ ውጭ የሚገፋው በጫማው ውስጥና በውጭው አየር መካከል ያለው የሙቀትና የእርጥበት ልዩነት ነው። በብርዳም አገር ልዩነቱ ሰፊ ስለሆነ ሽፋኑ ይሠራል። በሚያዝያ ቀትር፣ ድንጋዩ በጋለበት ሰዓት ግን ልዩነቱ ይጠባል፤ ላቡም ከሚወጣው በላይ ይመረታል። ስለዚህ ሽፋኑ በራሱ መጥፎ ባይሆንም የተሠራው ለሌላ አየር ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበልግ ዝናብ ይነሣል። በደቡብ ወሎ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ዝናብ ሊጥል ይችላል፤ ወንዝም በእግር የሚሻገሩበት ቦታ ብዙ ነው። ታዲያ ውሃ የሚያስገባ ጫማ ለምን ይመረጣል? ወንዝ ሲሻገሩ ውሃው የሚገባው በጨርቁ ሳይሆን በቁርጭምጭሚቱ በኩል ስለሆነ ሽፋኑ አያድንም። የታሸገው ጫማ አንዴ ውሃ ከገባበት እንደ ቅል ይዞት ይውላል፤ ሰቅለውት ቢያድሩም ጠዋት እርጥብ ነው። መረብ ጨርቅ ያለው ግን በእያንዳንዱ እርምጃ ውሃውን እየተፋ ይሄዳል። በረባሶ ተጫምቶ ወንዝ የሚሻገር ገበሬ ይህን ጥቅም ያውቀዋል፤ ጫማው ክፍት ስለሆነ የገባበት ውሃ ወዲያው ይወጣል። ሆኖም በረባሶ ለጣትና ለተረከዝ መከላከያ ስለሌለው፣ ላልለመደው ተጓዥ በኮረት ላይ አይመከርም።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ የአቧራና የእሾህ ነው። መረቡ ሰፊ ከሆነ አቧራው ገብቶ ከላብ ጋር ጭቃ ይሆንና ቆዳን ይፈገፍጋል። በደጋው የአገራችን ክፍል ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈርን ለዓመታት በባዶ እግር መርገጥ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለውን የእግር እብጠት እንደሚያስከትልም ይታወቃል፤ መከላከያው ጫማ ማድረግና እግርን አዘውትሮ በሳሙና መታጠብ ነው። ስለዚህ የሚተነፍስ ጫማ ማለት ቀዳዳው የሰፋ ጫማ ማለት አይደለም። የሚመረጠው ጥቅጥቅ ብሎ የተሠራ መረብ ነው፤ ካልሲም አይቀርም። ለእሾህና ለድንጋይም መፍትሔ አለ። መተንፈስ ያለበት የላይኛው ገጽ ብቻ ነው፤ ሶሉ ወፍራም፣ የጣቶቹ ግንባር በጎማ የተሸፈነ ቢሆን የአየሩን መንገድ አይዘጋም።

ገበያ ላይ ማታለያው መረቡ ከላይ እየታየ ሽፋኑ ከውስጥ መደበቁ ነው። መዳፍዎን ጫማው ውስጥ ከትተው ከውጭ በኩል ጨርቁን እፍ ይበሉበት። ትንፋሹ መዳፍዎ ላይ ካልተሰማ ከሥር የታሸገ ገበር አለ። የምላሱንም ስፖንጅ ይጫኑት፤ በጣም ከወፈረ ውሃ ጠጥቶ ለመድረቅ ይዘገያል። ከሰልቫጅ የሚገዙ ከሆነ ሶሉን አጥፈው ይዩት፤ ለዓመታት ተቀምጦ የቆየ ስፖንጅ ሶል መልኩ አዲስ ቢመስልም መንገድ ላይ ይፈረካከሳል። ልኩን ከሰዓት በኋላ፣ እግር አበጥ ባለበት ጊዜ፣ በሚጓዙበት ካልሲ ይሞክሩ። ከጣቶቹ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይተርፍ፤ ተረከዙ ግን አይንሸራተት። ይህ በተለይ ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ ለሚሄድ ሰው ያስፈልጋል። የነገሥታት ልጆች በዚያ አምባ ይጠበቁ የነበረው መውጫውና መውረጃው አስቸጋሪ በመሆኑ ነው፤ ቁልቁለቱ ላይ ጫማው ፊት ለፊት ከጠበበ ጥፍር ይጠቁራል። ለመስከረም 21 ክብረ በዓል የሚወጣ ምእመንም መሬቱን ገና እርጥብ፣ ፀሐዩን ግን ብርቱ ሆኖ ስለሚያገኘው ቶሎ የሚደርቅ ጫማ ይበጀዋል።

ጫማው ብቻውን ሥራውን አይጨርስም። የጥጥ ካልሲ ላብን ይዞ ስለሚያስቀር የሱፍ ቅልቅል ይሻላል። በግሸንም ሆነ በሐይቅ እስጢፋኖስ ከቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማ ይወልቃል፤ ያን ጊዜ ካልሲውን ፀሐይ ላይ አስጥቶ፣ ሲወጡ ደረቁን መቀየር እግርን ለመልሱ መንገድ ያድሳል። ገንዘብዎ ውሱን ከሆነ «ዋተርፕሩፍ» በሚል ስም የተወደደውን ጫማ ይተዉት። መካከለኛ ዋጋ ያለው፣ ሶሉ ጠንካራ፣ መረቡ ጥቅጥቅ ያለ ጫማ ይግዙ፤ በተረፈው ገንዘብ ሁለት ጥንድ ጥሩ ካልሲ ይጨምሩበት።